ሉር የመረጥንበት ሐሙስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የቀብሩን ቀን እንኳ በደንብ አላስታውስም። ያንን ሐሙስ ግን ከረፋዱ ጀምሮ አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ልጽፈው ስል ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም በደንብ እናገረው እንደሆነ አላውቅም።

ከታላቅ ወንድሜ ከብሩክ ጋር እዚህ ውጭ አገር፣ አውሮራ የሚባል ከተማ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ትልቅ ትራክ ይነዳ ነበር። አንዴ ከወጣ አሥር ቀን ይቆያል፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት። እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አገሩን ያሳየኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣኝ፣ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው።

ያደግነው ዝዋይ ነው። ልጆች ሆነን ሐይቁ ዳር ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እናጠምድ ነበር፤ ትል በመንጠቆ ሰክተን ወርውረን መጠበቅ ነው። የዝዋይ ውሃ ድፍርስ ስለሆነ ዓሣው ምን ያያል ብለን አስበን አናውቅም። ብሩክ እዚህ መንገድ ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ተዋወቀና ባስ ስለሚባል ዓሣ ሰማ። ባስ ጉልበተኛ ነው፣ ሲያዝ ከውሃው ዘሎ ይወጣል አለው። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ባስ ሆነ። ሁለት ዘንግ ገዛ። ቅዳሜ ሲመለስ አውሮራ ሪዘርቯር የሚባለው ሐይቅ ሄደን ልንጀምር ተቀጣጠርን።

የቀረን ሉር ብቻ ነበር። ሉር ማለት ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠራ የውሸት ትል፣ ወይም የውሸት ትንሽ ዓሣ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ብሩክ ደወለልኝ።

«ሉሩን አንተ ምረጥ» አለኝ። «ሐይቁ ጥርት ያለ ነው አሉ። ጥልቅም ነው። ዝም ብለህ ያብለጨለጨውን እንዳታነሳ። ጠይቅ።»

«እሺ አለቃ።»

«ብቻህን ከምትሄድ ተስፉን ይዘህ ሂድ።»

«ተስፉ ስለ ዓሣ ምን ያውቃል?»

«መብላት ያውቃል» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ተስፉ የብሩክ የልብ ጓደኛ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አብረው ይኖሩ ነበር። በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይሠራል። በዓሣ ነገራችን ሲቀልድብን ነው የከረመው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ባሱን ይይዝና ፎቶ ተነስቶ መልሶ ይለቀዋል ብለን ስንነግረው፣ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በልቷችሁ የያዛችሁትን ልትለቁት? እናንተ ልጆች ጸበል ነው የሚያስፈልጋችሁ» ብሎን ነበር።

ሐሙስ እኔ ዕረፍት ነኝ። ረፋዱ ላይ ተስፉ ሳይደውል መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«አለርጂ ነው። ተነስ፣ የዓሣ ዕቃችሁን እንግዛ።»

በግንቦት እዚህ ግማሹ ሰው አለርጂ አለው። አመንኩት። መኪና ውስጥ እንደገባን ስልኬን ጠየቀኝ። «የኔ ቻርጅ ጨርሷል፣ በአንተ ጂፒኤስ ልክፈት» አለ። ሰጠሁት። ትንሽ ነድቶ መንገዱን አውቀዋለሁ አለና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይህንንም አላስተዋልኩም።

ሱቁ ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ ሉር ተሰቅሏል። ከብዛቱ የተነሳ ዓይኔ ፈዘዘ። ብሩክ የነገረኝን ረሳሁና ቀይና ቢጫ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሉር አነሳሁ። አንድ ሽማግሌ ሻጭ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ መጥተው የት ሐይቅ እንደምንሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሉሩን ከእጄ ወስደው ቦታው ላይ መልሰው ሰቀሉት።

«ይህ ለድፍርስ ውሃ ነው» አሉኝ። «ባስ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ውሃው ጥርት ካለ ከሩቅ ያያል። ይጠጋል፣ ያየዋል፣ ካላመነው ዞር ብሎ ይሄዳል።»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ለጠራ ውሃ መልኩ ውሃው ውስጥ ካለው ነገር ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ወይም ነጣ ያለ ብርማ። ትንሽ ይሁን። ክሩም ቀጭን፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ዓሣው ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ የሚሰምጥ ነገር ያስፈልጋል። ሦስት ዓይነት መረጡልኝ። አንዱ ቀጭን የፕላስቲክ ትል ነው። አንዱ ብርማ ትንሽ ዓሣ፣ ሲጎትቱት ሄድ ብሎ ቆም የሚል። ሦስተኛው ጂግ የሚሉት፣ ጭንቅላቱ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ያለበት መንጠቆ ነው፤ እሱ ለጥልቁ ነው። ለጀማሪ ይህ ይበቃል አሉኝ። ሃያ ዓይነት ከያዝክ ስትቀያይር ትውላለህ፣ ዓሣ አትይዝም አሉ።

ደስ አለኝ። ጥያቄ አበዛሁ። የሰማሁትን እየዞርኩ ለተስፉ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

«ብሩክ የቱ ደስ የሚለው ይመስልሃል፣ አረንጓዴው ወይስ ብርማው?» አልኩት።

«ብሩክ ሁሉንም ይወድ ነበር።»

«ነበር? ዛሬ ጠላ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ሽማግሌውም ምን እንዳልን ሳይገባቸው አብረውኝ ሳቁ። ተስፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ የአንዱን ሉር ማሸጊያ ማንበብ ጀመረ። ብዙ አነበበው።

የማጥመጃ ፈቃድ እዚያው አወጣሁ። የብሩክንም ላውጣለት አልኩ። ሽማግሌው ራሱ መታወቂያውን ይዞ መምጣት አለበት አሉኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ እኔም አለሁ።» ተስፉን ፈልጌ ዞር ስል ወጥቷል። ሰልችቶት ነው አልኩ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ራበኝ። ሐበሻ ቤት እንሂድ ስለው በርገር አምሮኛል አለ። ተስፉ በርገር አይወድም። አዘዝን፤ እኔ በላሁ፣ እሱ ጥብሱን ድንች በጣቱ ከወዲህ ወዲያ አደረገው። ከዚያ ስልኩ ጠራ። ቻርጅ ጨርሷል ያለው የራሱ ስልክ ነው። ውጭ ወጥቶ አነጋግሮ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ሴት አገኘህ ወይ ብዬ ስቀልድበት ነበር።

«ሴንቴኒያል ከተማ ሌላ ሱቅ አለ» አለኝ። «እዚያ የተሻለ ይኖራል።»

ሄድን። ያው ዕቃ ነው ያለው። ግን ተስፉ ድንገት ጠያቂ ሆነ። ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ፣ ሽማግሌው ስለ ቀለሙ ምን ነበር ያሉህ አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። ዓሣው እንዴት እንደሚያይ፣ ለምን ከሩቅ መወርወር እንዳለብን፣ ጂጉ መሬት ሲነካ ክሩ እንዴት እንደሚላላ። የሽማግሌውን ቃል የራሴ አስመስዬ ነበር የማወራው። እኔ ትምህርት ላይ ጎበዝ አልነበርኩም፤ እንደዚያ አጥብቆ የሰማኝ ሰው የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን።

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፓርኪንጉ ላይ የማውቃቸው መኪናዎች አሉ። የጋሽ ወንድሙንም አየሁ፤ ጋሽ ወንድሙ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ማን ቤት ምን አለ ብዬ ተስፉን ጠየቅሁት። ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

በራችን ተከፍቷል። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለብሰዋል። የሉሩ ፌስታል እጄ ላይ ነው። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ወዲያው እሷ ናት አልኩ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ ናት?» አልኩ። ያኔ የመጣልኝ ብሩክ ነው። ወደ ተስፉ ዞርኩ።

«ለብሩክ እንዳትነግሩት» አልኩት። «እየነዳ ነው። ቤት እስኪገባ እንዳትነግሩት።»

ሁለት ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ወንድሙ መሬቱ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነው።

«ልጄ» አሉኝ። «እናትህ ደህና ናቸው።»

እንደዚያ ነው ያወቅሁት።

ብሩክ ኔብራስካ ውስጥ፣ ትራኮች የሚያርፉበት ቦታ አቁሞ፣ መኪናው ውስጥ ባለው አልጋ ላይ እንደተኛ ነው የቀረው። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ለሥራው ፎርም ሲሞላ እኔ ገና አልመጣሁም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚደወልለት ተብሎ የተጻፈው የተስፉ ስም ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ለተስፉ ደወሉለት። እሱም ለጋሽ ወንድሙ ነገረ። ሰዎቹ ከሥራ ወጥተው፣ ቄሱም መጥተው፣ ወግ ባለው መንገድ እስኪነገረኝ ድረስ ልጁን ከስልክ አርቀህ አቆየው ተባለ።

ለሁለት ወር ያህል ተስፉን በደንብ አላነጋገርኩትም። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ክፍሌ እገባለሁ። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ያዝኩት።

«እንዴት እንደዚያ እንድስቅ ተውከኝ?» አልኩት።

እንዲህ አለኝ። «በርገር ቤት ሲደወልልኝ ተሰብስበናል፣ አምጣው ነበር ያሉኝ። ሴንቴኒያል የወሰድኩህ እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ወደ ቤት መንዳት አቃተኝ። ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር።»

እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ሰጠኝ ልበል ወይስ ወሰደብኝ ልበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ ሞቶ እኔ ስለ ቀለም ሳወራ ነበር።

በተስፉ ላይ እንዳልጮህ የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። እሱን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ዓርብ እናቴ ከዝዋይ ደወለች። አጎታችን ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከቤተሰብና ከካህን ጋር ሆኖ እሑድ ጠዋት ሊያረዳት ተወስኗል። እስከዚያ አንዳች ነገር እንዳትሰማ ተብዬአለሁ። ስልኩን ባላነሳ ትጠረጥራለች ስላሉኝ አነሳሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ብሩክ ስልክ አያነሳም» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ነው እማዬ። ኔትወርክ የሌለበት ነው።»

«ምግቡንስ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«አለርጂ ነው» አልኳት። አስቤ አልነበረም። ከአፌ ወጣ።

ቅዳሜም ደወለች፣ ቅዳሜም ዋሸኋት። ቅዳሜ እንዲያውም ተኝቷል አልኳት። እውነቱን ልነግራት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አልነገርኳትም። እሷ ብቻዋን ቤት ውስጥ በስልክ ብትሰማ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ተስፉም ስለ እኔ ያሰበው ይህንኑ ይሆናል። ባውቀውም ግን አይቀለኝም።

እናቴ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ዋሸኸኝ አላለችም። አሁን እሑድ እሑድ ትደውላለች። ደህና ነህ ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ። ቃሌ ብቻ ግን አይበቃትም።

«ካሜራውን አብራው» ትለኛለች ከዚያ።

አበራዋለሁ። «ወደ መብራቱ ዞር በል» ትላለች። እዞራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር፤ ሥራ ቦታም ብሆን፣ ሰውም አጠገቤ ቢኖር አትተወኝም። አሁን አይከፋኝም፣ ያሳዝነኛል እንጂ። ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ ፊቴን ታየዋለች። እስክትጨርስ ድረስ አልንቀሳቀስም።