ገላጋይ የማይፈልግ ድብድብ

ልጅቱ ፊልም ልትሠራ መሆኑን የሰማሁት ከእናቷ ነው። እናቷ ደግሞ እያለቀሰች ስለነገረችኝ መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ትግል ነው አሉ» አለችኝ፤ «ሴት ከሴት። እየተነሡ መሬት ላይ የሚፈራረጡበት።»

«ምን አጣልቷቸው?»

«ምንም! ለፊልም ነው እኮ የምልሽ!»

«ለፊልም ቢሆንስ፣ መቼም ያለ ነገር አይደባደቡም።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ምን አውቄ!» ብላ ይባስ አለቀሰች።

ካርቱም፣ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከእናቷ ጋር አንድ ግቢ ተጋርተን መኖር ከጀመርን ብዙ ዘመናችን ነው። ልጅቱን ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ አውቃታለሁ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ስልክ መጠገኛ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ግን እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ይወላገዳል። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች። ባርማት ባርማት አልሆን አለኝ፣ ተውኩት።

አባቷ ሱዳናዊ ነው። ኦምዱርማን ሚስትና ልጆች አሉት፣ ገበያው ውስጥም የጨርቅ ሱቅ። እኛ ግቢ ሲመቸው ይመጣል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይደለም፣ ሥጋውን ፍራፍሬውን ተሸክሞ ነው። ክፉ ሰው ነው ብል ምላሴ ይቆረጥ። ነገር ግን ልጁ የምትሆነው ከበራችን ወዲህ ብቻ ነው። ትንሽ ሳለች ገበያ ይዣት ሄጄ፣ ሱቁ ደጃፍ ከባልደረቦቹ ጋር ቆሞ አየችውና እየሮጠች ሄደች። እሱ ቀልጠፍ ብሎ «የጎረቤት ልጅ ናት» አላቸው። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቆም አለችና፣ እንደ ጎረቤት ልጅ እጇን ዘርግታ ጨበጠችው። ያን ቀን አንጀቴ እንዴት እንደተቃጠለ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቷም የምትፈራው እሱን ነበር። «ቢሰማ ጉዴ ፈላ» ስትል፣ ልጅቱ ሰተት ብላ ገባችና ዓይኗን አፈጠጠችብን።

«ይስማ! ይምጣና ይከልክለኝ! አባት አይደል የሚከለክለው? ኻልቶ፣ የጎረቤት ልጅ ማን ይከለክላል?»

«ኻልቶ» የምትለው እኔን ነው፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ፊልሙ ለምን እንዳስፈለጋት ያኔ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ግን ብዙም የለም።

አባትየው በመጣ ቀን እናቷ ነገረችው። እኔ ጠብ ቢነሣ ልገላግል በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሱ ሐብሐቡን እየበላ ሰማ፣ አፉን ጠረገ፣ «ኢንሻላህ ኸይር፣ ደግ ይሆናል» አለ፣ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጅቱ ክፍሏ ገብታ በሩን ስትወረውረው ግድግዳው ተርገፈገፈ። ልጅ «አባቴ ለምን አልተቆጣኝም» ብሎ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ዘመኑም ራሱ ግራ የገባው ዘመን ነበር። አሮጌው መንግሥት ወድቋል። አዲሱ መጥቷል ይባላል፣ የት እንደተቀመጠ ግን የሚያውቅ የለም። ጠዋት ወታደሩና ሲቪሉ ታረቁ ሲባል እሰማለሁ፣ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ጎማ ይቃጠላል፣ መንገዱ በጡብ ተዘግቷል። የማበስልበት ምግብ ቤት አንዱ ጠረጴዛ «አለቀልን» ይላል፣ ሌላው «ነጻ ወጣን» ይላል፤ እኔ ለሁለቱም «እውነትህን ነው» እያልኩ ፉሉን አቀርባለሁ። ካልደፈረሰ አይጠራም ይላል የእኛ ሰው። መደፍረሱንስ አየሁት። ወጣቶቹ ግን ምንም የማይቻል ነገር አልቀረም ብለው ነበርና፣ የሴት ትግል ፊልምም የመጣው ከዚያው ነው።

ዳይሬክተሩ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ሲናገር ቁጭ ማለት የማይችል ሱዳናዊ ወጣት ነው። ትግሉን ተቀምጦ የሚያይ ሕዝብ ቸገረው። የሱዳን እናቶች ልጆቻቸው እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዲታዩ አልፈቀዱለትም። ልጅቱ አገናኘችንና «አበሻ ካለሽ አምጪልኝ» አለኝ። እኔም ሻይ የሚሸጡትን ሴቶች ለመንኩ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ የቀን ሥራ የሚጠብቁትን የአገሬን ልጆችም ጠራሁ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ቁጭ ብሎ መጮህ።»

አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እህቴ፣ ለጩኸት የሚከፍል ፖለቲካ ነው። እኛ መንገደኞች ነን፣ እዚህ ውስጥ አታስገቢን።»

በስንት ልመና የመጡት ምሳ አለ ስላልኳቸው ነው።

ቦታው እዚያው ቡሪ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነበር። የላስቲክ አበባው ከግድግዳው ሳይወርድ፣ መሃል ላይ ከጣውላና ከፍራሽ መድረክ ሠርተው በገመድ አጥረውታል። ዳይሬክተሩ ታሪኩን ሲያስረዳን «ያስቃል፣ ደግሞም ያሳዝናል» አለ። አንዷ ሻይ ሻጭ «ታዲያ መቼ እንሳቅ፣ መቼ እንዘን?» ብላ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። ጠየቅሁላት። ራሱን አከከና «ዝም ብላችሁ ጩኹ» አለ።

የልጅቱ ተጋጣሚ ደልደል ያለች የስፖርት አስተማሪ ናት። እንደሷ ያለ ደግ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጅቱን አንሥታ ካፈረጠቻት በኋላ ጆሮዋ ሥር «ማሌሽ ሐቢብቲ፣ ማሌሽ» እያለች ይቅርታ ትለምናታለች። ልጅቱ ግቢያችን ውስጥ ስትለማመድ እንዳሳየችኝ፣ በዚህ ትግል ዋናው ሠራተኛ የሚወድቀው ሰው ነው። ከመሬት የምትነሣው ራሷ ዘልላ ነው። ስትወድቅ መዳፏን ወለሉ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ያ ሁሉ ኳኳታ ከመዳፏ የሚወጣ ነው። በታሪኩ መጨረሻ የምትሸነፈው እሷ ስለሆነች፣ ዳኛው ቆጥሮ እስኪጨርስ እንደ ሬሣ መተኛት አለባት።

ካሜራው ተነሣ፣ ድብድቡ ተጀመረ። ከሕዝቡ ጩኸት ይጠበቃል፤ ማን ይጩህ? ሁሉም ጭጭ። ልጅቱ በጀርባዋ ስትወድቅ ግን አንዷ «ኧረ በሕግ! ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ተነሣች። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! ልጆቹ ገመዱን ዘልለው ገቡ። ግማሾቹ ይቺን ይዘው ወደዚህ፣ ግማሾቹ ያቺን ይዘው ወደዚያ። «በቃ! በቃ! ሰይጣን ነው!» ይላሉ። ሻይ ሻጯ ደግሞ ልጅቱን «አንቺ ታናሽ አይደለሽም? ይቅር በያት!» እያለች በአማርኛ ትመክራለች። አስተማሪዋ ምን እንደመጣባት ሳታውቅ ለሁሉም «ማሌሽ» ትላለች።

«ስቶፕ!»

አስረዳኋቸው። «ተስማምተው ነው የሚደባደቡት፣ ተዉአቸው።»

«ከተስማሙማ ምን ያደባድባቸዋል?» አለኝ ያ መንገደኛ።

እንደገና ተጀመረ፣ እንደገና ገላገሉ። ይባስ ብሎ ሁሉን የማውቀው እኔ ራሴ፣ እግሬ ሳላዘው ተነሥቶ ገመዱ ሥር ደረሰ። ዳይሬክተሩ «አንቺም?» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ይደረግ! ለእኛ ሰው ሲደባደብ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። «የት ነበርክ?» ሲሉህ «ቁጭ ብዬ እያየሁ ነበር» ትላለህ? ይህን ዳይሬክተሩን ላስረዳው ሞከርኩ። እሱ ደግሞ አዳራሹ የእነሱ የሆነው እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ ብቻ ነውና፣ አሁን ካልሆነ የልጅቱን ድብድብ ከፊልሙ አወጣዋለሁ አለ።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ገመዱ ጋ መጣች። ላቧን እየጠረገች፣ በዚያ በተወላገደ አማርኛዋ ተናገረች።

«እናንተ ስትገላግል እኔ ሥራ የለኝም። በናታችሁ፣ ተዉኝ፣ ልውደቅ።»

ሁሉም ተቀመጡ። በሚቀጥለው አንዱ በፉጨት ጀመረ፣ ሻይ ሻጯ እልል አለች፣ ቀጥሎ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ልጅቱ ትወድቃለች፣ «ስቶፕ» ሲባል እየሳቀች ትነሣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ደግማ ትወድቃለች። ድገሚ በተባለች ቁጥር «ታይብ፣ እሺ» ብቻ ነው መልሷ።

በዚህ መሃል አጠገቤ የተቀመጠችው እናቷ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። በሩ ላይ ወሬ ሊያዩ ከተሰበሰቡት የሰፈር ሰዎች ጋር አባቷ ቆሟል። ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ ሁለት የገበያ ባልደረቦቹ ከግራና ከቀኝ።

«ማን ነገረው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

መቼ እንደመጣ አላየንም። ብቻ ልጅቱ ስትወድቅም ስትነሣም፣ እየሳቀች ውኃ ስትጠጣም ቆሞ ሲያይ ነበር። እኔ ገብቶ ጎትቶ ያወጣታል ብዬ ጠበቅሁ። አልገባም። ትቶን ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ልጅቱም አየችው። አንድ እርምጃ ስታ ተደናቀፈች፣ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

የመጨረሻው ውድቀት ደረሰ። አስተማሪዋ ከራሷ በላይ አንሥታ ለቀቀቻት። ልጅቱ አልተነቃነቀችም። ዳኛው ተንበርክኮ መቁጠር ጀመረ፣ የእኛ ሰው ያብዳል፣ ያጨበጭባል።

አባቷ ሰውን በክርኑ እየገፋ መጣ። አንድ እግሩ ጫማውን ጥሎ፣ ጀለቢያውን ሰብስቦ ገመዱን ተሻገረ። «ብቲ!» ይላል። «ያ ጀማዓ፣ ዲ ብቲ! እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ልጄ ናት! ልጄ!» ባልደረቦቹ በሩ ላይ እርስ በርስ ተያዩ። ከእኛ ሰው አንድም የተነሣ የለም፤ አትነሡ ተብለዋላ! የፊልሙ ሰው ነው ብለው ይባስ አጨበጨቡለት። ተንበርክኮ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ፊቷን በጥምጥሙ ጫፍ ይጠርጋል፣ «ብቲ፣ ብቲ» ይላል። እሷ እንደ ሬሣ ናት። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። የእውነት ሞተች ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቴን ከሌላው ጩኸት ማን ይለየው?

«ስቶፕ!» ተባለ። ዓይኗን ገለጠች።

አባቷ ደህና መሆኗን ሲያይ ቀስ ብሎ ተነሣ። ካሜራውን አየ፣ ባልደረቦቹን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። የእውነት ተጎድታለች ብሎ ነው? ስትወድቅና እየሳቀች ስትነሣ ሲያይ አልነበረም? ወይስ አውቆ፣ ለዚያች «ልጄ» ለምትል ቃል ሰበብ ፈልጎ? እሷን ጠየቅኋት፣ እናቷን ጠየቅኋት፣ እሱን ለመጠየቅ ግን ወኔው አልነበረኝም። እስከ ዛሬም አልገባኝም።

ዳይሬክተሩ እጁን እያማታ መጣ። «ግሩም ነበር! ግን ሰውየው አበላሸብን። ያላ፣ በሉ እንድገመው፣ ያለ እሱ።»

«አልደግመውም» አለች ልጅቱ።

«አንድ ጊዜ ብቻ። ብርሃኑ እየሄደ ነው።»

«ሌላውን ሁሉ እደግማለሁ። ይሄን አልደግምም።»

«እና ፊልሜ መጨረሻ ላይ የማይታወቅ ሰው ዘልሎ ይግባ? የሚያየው ሰው ይሄ ማን ነው ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ልጅቱ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች።

«እሱ ተናግሯል» አለችው። «ሁላችሁም ሰምታችኋል።»