የጋሼ ደምሴ የቆዳ ቦኮላ

ያቺ የመኪና ጥገና ጋሼ ደምሴን አንድ የሰንጋ ቆዳ፣ ሁለት ቅል ቅቤና ሚስቱን አስከፈለችው። በቀደም ሺንሺቾ ገበያ ከቅቤ ተራ ስወጣ፣ የበሰለ ቅቤና ከአንድ ጭነት መኪና ሥር የሚወጣ የጋለ ግራሶ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ገባና እሱን አስታወሰኝ። ቆሜ ቀረሁ። ቅቤ ሻጯ ዋጋ ላስቀንሳት የተመለስኩ መስሏት ፊቷን አዞረች።

ጋሼ ደምሴ ሆሳዕና ከተማ ጎረቤታችን የነበረ ቆዳ ነጋዴ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ ግሪክ የገዛት አሮጌ መኪና ነበረችው። ሸራዋ የተጣፈ፣ አንድ ፋኖሷ የጠፋ ናት። እሱ ግን እንደ በቅሎ ያሻሻት ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱና ሚስቱ እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ሆዷ ውስጥ እብጠት ወጣባት። ሶዶ የፈረንጅ ሐኪም አለ ሲባል ጋሼ ደምሴ ጫናት፤ ከከተማው ሳይወጡ ተመለሱ። የመንገዱን ምት በሚያበርደው በባሌስትራው ጆሮና በብሎኑ መካከል የሚገባው ቀለበት፣ ዛሬ መካኒኮች ቦኮላ የሚሉት፣ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። ምቱ ሁሉ የሚያርፈው ሆዷ ላይ ነው።

"በዚህ ከምትወስደኝ እዚሁ ልሙትልህ፤ ነዳጅህም ይተርፋል" አለችው።

የነሐስ ቀለበት ወደ አዲስ አበባ ልኮ አዘዘ። እሱ እስኪመጣ ግን ክረምት ይገባል፣ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ በሚያውቀው ዕቃ ሠራው። ከመጋዘኑ ወፍራም የሰንጋ ቆዳ መርጦ ነከረ፤ በእንጨት ላይ ጠቅልሎ አስሮ አደረቀው። ከዚያ መኪናዋን ደጃፉ ላይ አንስቶ በግንድ ደገፋት። ብሎኑን በመዶሻ አስወጥቶ የቆዳውን ቀለበት ከተተ። እንዲለሰልስም የእትዬ አስካለን ቅቤ አቅልጦ አጠጣው።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔን በጎመን ይዘህ ብረቱን በቅቤ ትቀልባለህ?" አለችው አጎዛዋ ላይ ተጋድማ።

"ዝም በይ አስካሉ። ነገ እንቅልፍ ይዞሽ ሶዶ ትገቢያለሽ።"

"ያለ ቅቤሽ የትም አልደርስም በለኛ።"

አንዲት የሀድያ ባልቴት ደግሞ መንገዱ እንዲቀና ብላ የተረፈውን ቅቤ እንደ ሙሽራ የመኪናዋ ግንባር ላይ ቀባች። ጋሼ ደምሴ ወደ ገበያው ነድቶ ተመለሰ። ኮሽታ የለም። እትዬ አስካለ በዚያ ቀን ጓዟን ራሷ ሸከፈች።

የግቢው በር ስለማያስገባት መኪናዋ የምታድረው ከአጥሩ ውጪ፣ እንሰቱ ጥግ ነበር። ጠዋት ስንወጣ ግንባሯ ተልሶ ጸድቷል። ከባሌስትራው ጆሮ ወጣ ያለውን የቆዳ ጠርዝ ጅብ ነክሶ ጎትቶታል፤ ቀለበቱ ተዘልዝሎ መሬት ላይ ወድቋል። ጋሼ ደምሴ ቆዳ መጋዘኑን ከጅብ የሚጠብቁ ውሾች ነበሩት። መኪናዋን ግን ማን ያስጠብቃል? ለሁላችንም መኪና ብረት ናት፤ ጅብ ደግሞ ብረት አይበላም።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ ሳቀ። "ሙያዬን ጅብም መሰከረልኝ" አለች እትዬ አስካለ፣ ጓዟን ታቅፋ። ጋሼ ደምሴ አልሳቀም። ሌላ ቆዳ ነከረ፤ ከመድረቁ በፊት ግን ዝናቡ ጣለ፤ ጥሎም አላባራም። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ በጭቃው እየተቀባበሉ ሾኔ ድረስ ሄዱ። እዚያ ሞተች፤ እዚያው ቀበሯት።

ነሐሱ ከመስቀል በኋላ መጣ። ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም፤ ብቻውን ተንበርክኮ ገጠመው። እናቴ ምሳ ይዛለት ሄዳ፣

"ደምሴ፣ አሁን ይሄ ለማን ነው?" አለችው።

"ለታመመ ሰው" አለ፤ ቀና ብሎም አላያት።

ከዚያ በኋላ በጋ በጋውን ሕመምተኛ ወደ ሶዶ ያመላልስ ጀመር። ያንን መንገድ የሚነዳው እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው። ሾኔ ሲደርስ ይቆማል፤ ወርዶ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ተመልሶ ይነዳል። 

በዚያው ዓመት እናቴ ምጥ ጠናባት። ጋሼ ደምሴ ወስዷት እህቴን ሶዶ ተገላገለች። እናቴና እህቴ በደህና ተመለሱ። እትዬ አስካለ ሾኔ ቀረች።