ሲያመኝ የማይቀበለኝ ጠበል

ቤቲ፣ ጻፊ። እንደምናገረው ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሶፋው ላይ፣ ሙቅ ውሃ የሞላሁላትን ላስቲክ ሆዷ ላይ አድርጋ ነው በስልኳ የምትጽፈው። የወር አበባዋ ሲመጣ እንዲህ ናት፤ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዋ ታክሲ ውስጥ ተጣጥፋ ትመጣለች። ሐኪሟ፣ "ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም፤ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን ካላየነው ግን እርግጡ አይታወቅም" አላት። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። አንዷ፣ "አግቢና ውለጂ፣ ይለቅሻል" ትላለች። ሌላዋ፣ "ቢላ ከነካሽ አትወልጂም" ትላለች። አጎቷማ፣ "ጂም ብትጀምሪስ?" አላት። ጂም!

ይህን ሁሉ እኮ እኔ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ካዛንቺስ ነበርን። ካዛንቺስ ፈረሰ፤ ቤታችንም፣ አጥሩም፣ የኮክ ዛፉም ሄደ። ወሬው ግን አልፈረሰም። ዕቃውን ጭኖ ከእኛ ጋር ጎተራ ገባ።

ከመንዝ መጥቼ ታደሰን ያገባሁ ሰሞን ነው፣ ገና ልጅ ነኝ። ታደሰ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕቃ ያወርዳል፤ እኔ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። ወር በመጣ ቁጥር ወገቤን በመጋዝ የሚቆርጡኝ ይመስለኛል። ገንዳው ላይ ተደፍቼ፣ የሳሙናው ሽታ እያቅለሸለሸኝ፣ ጥርሴን ነክሼ አሻለሁ። ቤት ስገባ ጡብ አሙቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ቤቲ አይታዋለች።

መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። ፌጦ በማር፣ ተልባ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፤ ሆዴ ቅመም ተራ ሆነ። ልጅም እንቢ አለ። እሱ ደግሞ ሌላ ወሬ።

በመጨረሻ ታደሰ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነበር። "ማህፀን ውስጥ መሆን ያለበት ነገር ከማህፀን ውጪ በቅሎ ይሆናል፤ ወር ሲመጣ እሱም አብሮ ይደማል። ግን ተከፍቶ ካልታየ ነው ብዬ አልናገርም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል" አለን።

"ተከፍቶ ባይገኝስ?" አለ ታደሰ።

"ይዘጋላ!"

እማማ ዘነበች፣ የታደሰ እናት፣ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን መሬት ጣሉት። "ልጄን ለሬሳ ነው እንዴ የዳርኩት? መጀመሪያ ጠበል!" አሉ። ክፉ አልነበሩም፣ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ራሳቸው ተሳሉልኝ፤ አርባ ቀን ሳይቋረጥ እንድጠመቅ።

አርባ ቀን ሳይቋረጥ! የትኛዋ ወጣት ሴት ናት አርባ ቀን ሳይመጣባት የምትከርም? አርግዤ ቢሆንማ መች እንዲህ እንከራከር ነበር።

እሺ አልኩ። እኔም አምናለሁ እኮ፤ ዛሬም አምናለሁ። ክረምት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከእማማ ዘነበች ጋር በቂርቆስ በኩል በጭቃው ወደ ጠበሉ እንወርዳለን። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ቀጥ ይላል። ጥቂት ቀን እንደተመላለስን ያ ጉድ ይመጣል።

"አመመኝ" እላለሁ ተጣጥፌ።

"መጣ እንዴ?" ይላሉ እማማ ዘነበች።

"መጣ።"

"እንግዲያው ዛሬ አይገባም። ደም ላይ ሆኖ ጠበል የለም። ሲሻልሽ እንሄዳለን።"

"ሲሻለኝማ ለምን እሄዳለሁ?"

"አፍሽን ያዢ!"

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሚያመኝ ደም ሲመጣ ነው። ደም ሲመጣ ደግሞ ጠበሉ አይቀበለኝም። ሲያቆምልኝ እወርዳለሁ፤ ያን ጊዜ ስለማያመኝ፣ "አየሽ፣ ዳንሽ!" ይላሉ። ደግሞ ይመጣል፣ ስለቱ ይፈርሳል፣ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ማለቴ፣ እኔም ብሆን ሲሻለኝ ልቤ ያብጣል፤ ቢላውን እፈራና፣ "ቆይ ይህን ወር ልየው" እላለሁ። ሕመም ሲሄድ ይረሳላ።

መስከረም ላይ፣ አሞኝ ሳለ፣ የነፍስ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"ቀረብ በይ እንጂ፣ መስቀል ሳሚ።"

"አልቀርብም አባቴ፣ ደም ላይ ነኝ። ሲያመኝ ጠበሉ አይቀበለኝም፤ ሲሻለኝ ይቀበለኛል። ሐኪሙ ደግሞ ልክፈትሽ ይላል። ምን ላድርግ?"

ባቄላቸውን ፈለፈሉ። "ሐኪሙስ ሲያምሽ ይቀበልሻል?"

"ይቀበለኛል።"

"እንግዲያው ሲያምሽ ወደሱ ሂጂ፣ ሲሻልሽ ወደኛ ነይ። እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ከፈራሽ ግን ማንም አያስገድድሽ፤ ሆዱ ያንቺ ነው።"

ሆዱ ያንቺ ነው! እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ቆሜ፣ እያመመኝ፣ ቆረጥኩ። ነገ ከነገ ወዲያ ሲሻለኝ እንደምፈራ አውቀዋለሁ።

ቤት ገብቼ ነገርኩ። እማማ ዘነበች፣ "አባ ካሉማ!" አሉና ተስማሙ። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ያልኩትን አባ አንዴ አሉት፤ አበቃ። ይህ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ተከፈትኩ። ተገኘም። ሐኪሙ የተጣበቀውን አላቅቆ፣ የቻለውን አነሳና፣ "ተመልሶ ሊመጣ ይችላል" አለኝ። ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ጡቡን ጣልኩት። ቆይቶ የቤቲን እናት ወለድኩ። እማማ ዘነበች እልል ብለው ለታቦቱ ጥላ አገቡ፤ ልጅቷንም "የጠበሉ ልጅ" አሏት። ትሁን፣ ማን ጠላ። ለሐኪሙስ? ያስታወሰው የለም። እኔ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልዬ ብሄድ ተዛውሯል አሉኝ፤ ነርሶቹ በሉት።

ለቤቲ አድርጊ አላልኳትም፣ አታድርጊም አላልኳትም። የኔ ሆድና የሷ ሆድ አንድ አይደለም።

ይኸው ይህን እያልኩ ስልኳ ጮኸ፤ የአባቷ እህት ናት። ቤቲ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችኝ።

"እማማ፣ እርስዎ እንኳን ይምከሯት እንጂ! አሁን አሟት ነው ኦፕራሲዮን የምታስበው። ሲሻላት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።"

"ሲሻላትማ ለምን እንነጋገራለን?" አልኳት።

ቤቲ ሆዷን ይዛ፣ "እማማ በናትሽ አታስቂኝ፣ ያመኛል" ትላለች።

ላስቲኩ ቀዝቅዟል፤ ልነሳና ውሃ ላሙቅላት። ቀጠሮዋ ሳምንት ነው። ቁርጡን እዚያ፣ ከሐኪሟ ፊት፣ በራሷ አፍ ትናገራለች። እኔ ውጪ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ስልኳን ይዤላት ነው የምቀመጠው፤ የደወለ ሁሉ እኔን ያገኛል።