ቦራ ላይ የወጣው ስም

እትዬ ሙሉነሽን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣቸው ይህን ነው፦ አራት ጀሪካን ውሃ ከቦኖ፣ ሁለት ጣሳ ፋጉሎ፣ አንድ ሸክም ሣር፣ ጧትና ማታ ማለብ፣ ሲመሽ ደግሞ የወገብ ሕመም። ሁሉም ለቦራ ነው። ቦራ ግንባሯ ነጭ፣ የሰው እጅ መላስ የምትወድ ላም ናት። ባላቸው ካረፉ ወዲህ እንጅባራ ላይ ቤታቸውን ያቆመችው እሷ ናት። ልጄ ሜላትም ጡት ከተወች ጀምሮ የምትጠጣው የቦራን ወተት ነው።

ባለፈው ጥቅምት የእንስሳት ሐኪሙ አስማረ የሰፈሩን ላሞች ደም ወሰደ። ውጤቱን ይዞ ሲመጣ እኔም ለወተት ጣሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር።

«እትዬ፣ የቦራ ደም ውስጥ ቫይረስ ተገኝቷል» አላቸው።

እኛ ዘንድ «ቫይረስ» ከተባለ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚመጣልን የለም። በማግስቱ ጎረቤታችን ስንታየሁ ከአጥሩ ማዶ፣ «እትዬ ሙሉነሽ፣ ላምዎ ክኒን ጀመረች ወይ?» ብሎ ሳቀ። በሳምንቱ ወተት የሚወስድ ሰው ጠፋ። እኔም አልዋሽም፣ ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ብሄድ እትዬ ሙሉነሽ ቦራን ለሥጋ ቤት ሊሸጧት ገመዷን ፈትተዋል።

ሮጬ አስማረን ጠራሁት።

«ይሄ እኮ የላም ቫይረስ ነው» አላቸው። «የኤች አይ ቪ የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

«ዘመድማ እኔም ሌባ ዘመድ አለኝ» አሉ። «ታዲያ ለምን አልታመመችም?»

«የደሟ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀና ሲል ሰውነቷ ይመታዋል። እሱም ቢሆን ላሟን ፈጥኖ ቢገድል የሚኖርበት ያጣል። ብዙዎቹ ላሞች እንዲሁ ተሸክመውት ያረጃሉ። ጥቂቶቹ ንፍፊት ያወጣሉና እኔ እየመጣሁ አያታለሁ። ወተቱን እንደ ድሮው አፍልታችሁ ጠጡ፤ ሲፈላ ቫይረሱ ይሞታል።»

እትዬ ሙሉነሽ ገመዱን መልሰው አሰሩ። ቦራ እጃቸውን ላሰች።

«ችለሽው ነው ለካ የምትኖሪው፣ የኔ እናት» አሏት።

ይህን እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር አደራ ብለውኛል። ቫይረሱ ከላም ወደ ላም የሚሄደው በደም ነው፤ በአንድ መርፌ ብዙ ከብት ሲወጋም ይተላለፋል። «አንባቢዎችሽን ለምኚልኝ» አሉኝ። «ክትባት ሲመጣ ለእያንዳንዷ ላም መርፌው ይቀየር ይበሉ። እኔ ቦራን ከሰልፍ አላስቀራትም፤ ከእሷ ቀጥላ የምትወጋው ደግሞ የነሱ ላም ልትሆን ትችላለች።»