ለቀጨኔው ቁልቁለት ድንጋይ ያወረድንበት እሁድ

እሁድ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ጉለሌ

ከጉለሌ ተነስቶ እንጦጦ ደርሶ መመለስን ጉዞ ብዬ ስጽፍ የሚስቅ ይኖራል። እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ በአንድ እሁድ፣ ከዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ሰዓት እላፊው ካበቃ በኋላ ፋብሪካችን በር ላይ ተገናኘን። አምስት ነን። እኔ፣ ዘነበችና ሁለት ወንዶች ፈትል ክፍል ነው የምንሠራው። አምስተኛው ጋሽ ታደሰ የማሽን መካኒክ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቁምጣቸው ከጉልበታቸው በታች ይወርዳል። እሁድ እሁድ የሚያስሮጡን እሳቸው ናቸው።

ሩጫው ለጤና ብቻ አልነበረም። ባለፈው ክረምት የቀጨኔዋ ወይዘሮ በላይነሽ ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትወርድ፣ ተሸካሚዎቹ ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ጭቃው አዳልጧቸው ወደቁ። ልጅቷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተራራው ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ድንጋይ እናወርዳለን፤ እሳቸው ደረጃ አድርገው ይደረድሩታል።

1 ሰዓት ተኩል፣ እንጦጦ

ብርድ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው እየወረዱ ነው።

«ባዶ እጃችሁን እንዲህ ከደከማችሁ፣ ይሄን ብትሸከሙ ምን ልትሆኑ ነው?» አለች አንዷ።

«ስንመለስ እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም፣ እቴ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጥን። የኔን በነጠላ አዝዬ ወረድኩ።

3 ሰዓት፣ ቀጨኔ

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ አስቆመን።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው?»

«ለደረጃ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም አላዘዘንም።»

«ሳትታዘዙ ነው የምትሠሩት?»

ጋሽ ታደሰ ድንጋያቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ሰውየው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቀበሌ ወሰዳቸው። እኛም ድንጋያችንን መንገድ ዳር አስቀመጥን። ሁለቱ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም፤ የአንደኛው ወንድም እንዲሁ «ለጥያቄ» ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። እኔም እግሬ ወደ ቤት ሊዞር ነበር። ዘነበች ወደ ቀበሌው መራመድ ስትጀምር ተከተልኳት።

4 ሰዓት ተኩል፣ ቀበሌ

የቆርቆሮ ቤት ነው። ውጭ ለስኳር የተሰለፈ ሕዝብ አለ። በሩ ገርበብ ስላለ የሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰማናል።

«የድርጅታችሁ ስም?»

«ስም የለንም።»

«መሪያችሁስ?»

«እሁድ እሁድ የምንሮጥ ሰዎች ነን፣ ጌታው። በቃ።»

«ይሄን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

ወሬው ሰፈር ደርሶ ኖሮ ወይዘሮ በላይነሽ እያለከለኩ መጡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ፤ በሩን ስለከፈቱት ውስጡን አየን።

«ማን አዘዛቸው ካሉ፣ እኔን ይጻፉ» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«የልጅ ልጄ ጭቃው ላይ የቀረብኝ ሴት ነኝ። ቀበሌው ያን ቀን አላዘዘም ነበር፤ እነዚህ ናቸው የመጡልኝ።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ደረጃውን ጨርሱ» አለ በመጨረሻ። «ግን ከሁለት በላይ ሆኖ መሮጥ ክልክል ነው። ስብሰባ ይሆናል።»

7 ሰዓት፣ መልስ

ከጋሽ ታደሰ ጋር ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ድንጋዮቹ እንዳስቀመጥናቸው ናቸው። የሄዱትን የሁለቱንም ጨምረን አምስቱንም ደረደርን። ወይዘሮ በላይነሽ አፈሩን በእግራቸው ይጠቀጥቃሉ።

ወደ ጉለሌ ስንነሳ ሦስት ነን፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን መሮጥ አለበት። «እናንተ ቅደሙ» አሉ ጋሽ ታደሰ። ፋብሪካው በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። ሲመጡ እየሮጡ አልነበረም። ግንቡ ሥር ተቀመጡ።

«ፈርተው ነበር እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በጣም። ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። በኋላ በበሩ ክፍተት የሁለታችሁን ቀሚስ አየሁ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ያኔ ነው ስሜ የመጣልኝ።»

ከዚያ ለሚመጣው እሁድ ማን ከማን ጋር እንደሚሮጥ ተከፋፈልን። የሄዱትንም ሁለቱን ቆጠርናቸው፤ አይመጡም ያለ አልነበረም። አምስት ስንሆን ግን አንድ ሰው ጥንድ አጣ።

«ጎረቤቴን አመጣታለሁ» አለች ዘነበች። «ስድስት ከሆንን ለሁሉም ጥንድ ይደርሳል።»