የፕሮፌሰሩ ወረቀቶች አንኮበር ሲወርዱ

ፕሮፌሰሩ ካረፉ ወራት አልፈው ነበር ባለቤታቸው የደወሉልኝ። እኔ ደብረ ብርሃን፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የቆዩ ሰነዶች በሚቀመጡበት ክፍል ነው የምሠራው። ገና "አቤት" ከማለቴ፣ "የኔ ልጅ፣ ይህን ወረቀት መጥታችሁ ካልወሰዳችሁልኝ እኔም እሱ ሥር ተቀብሬ መቅረቴ ነው" አሉኝ።

ሰውየውን አውቃቸው ነበር። የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን በማስተማር ብቻ ሳይሆን አሮጌ ቤትና አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እንዳይፈርስ በመለመን ነው። መጀመሪያ ያየኋቸው ከጅማ መጥቼ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ነበር። ብርዱን ገና አልለመድኩትም፤ ጋቢ ደርቤ ወደ ሥራ ስሄድ የእንጨት በረንዳ ያለው አንድ አሮጌ ፎቅ ሊፈርስ ሠራተኞች ዲጂኖ ይዘው ቆመዋል። ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ከፎርማኑ ጋር ይነጋገራሉ።

"ልጄ፣ መፍረሱን እንደማላስቀር አውቃለሁ" ይሉታል። "በሩንና መስኮቱን እስክለካ ብቻ ታገሡኝ።"

ፎርማኑ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ሜትራቸውን አውጥተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ይሄን ጊዜ ሳቁን ትቶ "ወንበር አምጡላቸው እንጂ!" ብሎ ሠራተኞቹን ተቆጣ። ከሥራ ስመለስ ቤቱ የለም። ፕሮፌሰሩ ግን በሩን ለምነው አግኝተው፣ ጋሪ ላይ አስጭነው፣ እንዳይወድቅ በእጃቸው ደግፈው በእግራቸው ይከተላሉ። "እኚህ ሰውዬ ደህና ናቸው?" ብዬ ነበር በሆዴ።

ወረቀቱን ለመውሰድ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቤታቸው ስንሄድ ያን በር ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ ተደግፎ አገኘሁት። የማካሮኒና የሳሙና ካርቶኖች ተደራርበው መስኮቱን ጋርደውታል። ለመቀመጫ የተረፈው ቦታ ከሁለት ሰው በላይ አይችልም።

"እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን በር ሊከፍት ይታገላል፤ ሽንት ቤት መስሎት" አሉ ባለቤታቸው። "እኔ እኮ ያገባሁት መጋዘን ነው።" እየሳቁ ነበር የሚናገሩት። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ካርቶን ሲያነሳ ግን ቀረብ አሉ። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና "ቀስ በልልኝ" አሉት።

ፕሮፌሰሩ ያልጻፉበት ነገር አልነበረም። የፈተና ወረቀት ጀርባ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ሁሉም ላይ አንድ ግድግዳ ወይም አንድ ምሰሶ ተስሏል። ከሥሩ የቦታው ስምና የነገራቸው ሰው ማንነት ይኖራል። ቤት ፎቶ ሲያነሱ የቤቱን ሰው ደጃፉ ላይ ሳያቆሙ አያነሱም፤ ከፎቶው ጀርባ "ለእናትየዋ አንድ ተሰጥቷል"፣ "ለሽማግሌው ይላክ" የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ተመራማሪ ፎቶ አንስቶ ሲሄድ አይቻለሁ። መልሶ የሚሰጥ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ችግሩ የእጅ ጽሑፋቸው ነበር። ዶሮ የጫረው ይመስላል። ስለዚህ ባለቤታቸው በየሳምንቱ ብቅ እያሉ ያነቡልኝ ጀመር። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው "ምን ይላል ደግሞ ይሄ" እያሉ ያነባሉ፤ እኔ እመዘግባለሁ። አንድ ቀን በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ጥቅል ሳወጣ ፊታቸው ጠቆረ።

"እሱን እንኳ ሳታነቢው ልንገርሽ" አሉ።

ጥቅሉ ከአንኮበር ወዲያ ስላለች አንዲት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግድግዳዋ በየክረምቱ እርጥበት እየጠጣ ይላላል፤ ምእመናኑ ተሰብስበው ትፍረስና በብሎኬት ትሠራ ብለው ወስነዋል። ፕሮፌሰሩ ሰምተው ሊለምኑ ወረዱ። እዚያ ግን "ዝናቡ የሚወርደው እኛ ላይ ነው። እርስዎ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስዎን ተከናንበው ይተኛሉ" ብለው መለሷቸው።

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"'እውነታችሁን ነው' አላቸዋ! ከዚያ እዚያው ሰነበተልሽ። ያን ክረምት ከቤት የዋለበት ቀን የለም።"

ዝናብ ሲመጣ ሌላው ሰው ይጠለላል፤ እሳቸው ወጥተው ግድግዳው አጠገብ ይቆማሉ፤ ውኃው የት እንደሚወድቅ፣ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። በመጨረሻ ነገሩ ገባቸው። ድሮ የሣር ክዳኑ ከግድግዳው ርቆ ይወርድ ነበር። ቆርቆሮ ሲመታ ግን ጣራው አጠረ፤ ውኃው በቀጥታ ግድግዳው እግር ላይ ያርፋል። ይባስ ብሎ የግድግዳው ሥር ይጠንክር ተብሎ በሲሚንቶ ስለተለሰነ የገባው እርጥበት መውጫ የለውም። ይህንን ለምእመናኑ በክርክር አልነገሩም። ዝናብ ሲዘንብ ጠብቀው፣ ሽማግሌዎቹን በጃንጥላ ይዘው ወጥተው አሳዩአቸው። ከዚያ ሲሚንቶው ተላጠ፤ ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ፤ እሳቸውም ካፖርታቸውን አውልቀው አብረው ቆፈሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግድግዳው ደረቀ። ለአዲሱ ሕንፃ የተሰበሰበው ብሎኬት የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ።

"ታዲያ ይህ መልካም ነገር አይደለም? ለምን ተከፉ?" አልኳቸው።

"የሳንባ ምች ይዞ ተመለሰልኛ! እኔ አስታማሚ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ባለ ወግ። 'ሲሻለኝ እንሂድና ላሳይሽ' ሲለኝ 'አላያትም' አልኩት። ሳላያት እሱም ሞተ።"

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪው ቄስና አንድ ሽማግሌ ወደ ቢሮዬ መጡ። ጋቢያቸው ርሷል። መስቀል ተሳልሜ አስቀመጥኳቸው።

"ነፋስ ከጣራዋ ግማሹን ገለበጠው፣ ልጄ" አሉ ቄሱ። "አናጢው በመሰለው መንገድ ሊገጥመው ይችላል፤ እኛ ግን እንደ ጥንቱ እንዲሆን ነው የምንሻው። ፕሮፌሰሩ ስለዋታል ሲባል ሰማን።"

ጥቅሉን ፈትቼ ስዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጉልላቱ፣ ወራጆቹ፣ ማገሩ፣ እያንዳንዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ የድሮው ክዳን ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ ይወርድ እንደነበር ጭምር ተስሏል። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩና "እሷው ናት!" አሉ። ሽማግሌው ግን ስዕሉን አላዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

"ስለ እኛስ ጽፈዋል?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "'ብርድ ልብስዎን ተከናንበው ይተኛሉ' ያልኳቸው እኔ ነበርኩ።"

የዚያን ቀን ማስታወሻ ፈልጌ አነበብኩላቸው። "ሰዎቹ ተጨንቀዋል፤ ዝናብ ያሳስባቸዋል። ነገ እመለሳለሁ" ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ይኸው ነው። ቂም የሚባል አያውቁም ነበር" አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

የስዕሎቹን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቄሱ ደውለው ጋበዙኝ፤ እኔም ለፕሮፌሰሩ ባለቤት ነገርኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ከሚኒባሱ ተራ ቀድመውኝ ቆመው አገኘኋቸው።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግር፣ በቀስታ ወረድን። ቤተ ክርስቲያኗ በጽድና በወይራ መካከል ብቅ ስትል ባለቤታቸው ቆም አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ እኔ ዘወር ብለው "ጣውንቴ ይቺ ናት?" አሉኝ። ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

አናጢው ጣራውን እንደ ስዕሉ አርቆ አውርዶታል። ባለቤታቸው ዙሪያዋን ዞሩ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ቦዩ አጠገብ ሲደርሱ ሽማግሌው "እዚህ ጋ ነበር የሚቆፍሩት፤ አካፋውን እንቀማቸው ብንል እምቢ አሉን" አሏቸው። ቆመው ቦዩን ብዙ አዩት።

"ቤት ውስጥ ሚስማር መትቶ አያውቅም" አሉ በመጨረሻ። "አምፖል እንኳ የምቀይረው እኔ ነበርኩ።" ይህን ሲሉ ግን ቅሬታ አልነበረባቸውም።

ጠበል ጻዲቅ ቀረበልን። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ስለ ባላቸው ያወሩላቸው ጀመር፤ አንዷ ሴት ከሙዳይ ውስጥ ፎቶ አውጥታ አሳየቻቸው። እናቷ ናት፤ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ፕሮፌሰሩ ካነሱት ከዚህ ሌላ የእናቷ ፎቶ እንደሌላት ስትናገር ባለቤታቸው ፎቶውን ተቀብለው ሳሙት። እኔ ያን ዕለት ስንት ካርቶን ገና ሳልከፍት እንዳስቀመጥኩ እያሰብኩ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ከጫጫ ወዲያ ካለ ደብር ሰዎች መጥተው ስለ እነሱም ጣራ ጠየቁኝ። ያሉትን ካርቶኖች ሁሉ አገላበጥኩ፤ ፕሮፌሰሩ እዚያ አልደረሱም ኖሯል። ሻይ አጠጥቼ፣ የአንኮበሩን አናጢ ስልክ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። አናጢው ሄዶ አይቶላቸዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ይጀምራሉ።