ከነሥሩ ያልመጣ እንጉዳይ

አሰላ ውስጥ እንጉዳይ እበላለሁ ማለት ጅብ እበላለሁ እንደማለት ነው። ስሙም እዚህ «የጅብ ጥላ» ነው፤ ልጆች ሜዳ ላይ ሲያገኙት በእግራቸው ይጠልዙታል። እኔ ደግሞ የኢሉባቦር ልጅ ነኝ። በመምህርነት ተመርቄ ስመደብ ይሄ ብርዳም የገብስ አገር ደረሰኝ። ሰዉ ደግ ነው፣ አልዋሽም። ግን ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ነጎድጓድ እንዳጉረመረመ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ቀጥሎ ዓይኔ እንባ።

እኛ ጋ ነጎድጓድ በተሰማ ማግስት እናቴ እኔንና እህቶቼን ይዛ ኩይሳ ለኩይሳ ታዞረን ነበር። ምስጥ ካለበት ኩይሳ ሌላ ቦታ የበቀለውን ዞር ብላም አታይም። «እንዳትቀነጥሺው!» ብላ ትጮህብኛለች። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ አንገቱን ይዤ ቀንጥሼዋለሁ። ከእጄ ነጥቃ ትወረውረዋለች። የኛ እንጉዳይ ሥሩ እንደ አይጥ ጅራት እየቀጠነ ምስጡ ቤት ድረስ ይወርዳል። የሚገድለው ደግሞ ታች ሲደርስ ያብጥና ከረጢት የመሰለ ነገር ውስጥ ቁጭ ይላል። ከላይ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ቆንጆ ናቸው። ስለዚህ ዙሪያውን በእንጨት ቆፍሮ ከነሥሩ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላም አናቱ ላይ ያለውን ሾጣጣ ጉብታ ታያለች፣ ገልብጣ ውስጡን ታያለች፣ ታሸታለች። አንዱ ነገር ቅር ካላት አለቀ፣ ቅርጫቱ በሙሉ ይደፋል። በተደፋ ቅርጫት ስንቴ አልቅሻለሁ!

ይሄን ሁሉ የማወራው ለአከራዬ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ሐጂ እህል ነጋዴ ናቸው። እማማ ሰምተውኝ ሰምተውኝ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አሰላ ሥጋ ጠፋ እንዴ?» ይሉኛል። ሐጂ ግን ልብ ብለው ያዳምጡ ነበር።

አምና ሰኔ ሐጂ እህል ሊገዙ ቆላ ኦጎልቾ ወርደው በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሲመለሱ፣ በቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት አስታቀፉኝ። ገለጥ ሳደርገው እንጉዳይ! ነጭ፣ ወፍራም፣ ጉብታው አናቱ ላይ ሾጠጥ ያለ። ጮህኩ።

«ከኩይሳ ላይ ነው፣ ወላሂ» አሉ ሐጂ። «ቆሻሻውን በቢላ ቆርጬ፣ ወንዝ ላይ አጥቤ ነው ያመጣሁልሽ። አስተማሪ አፈር ትበላለች እንዴ?»

ገለበጥኩት። ሁሉም ከአፈሩ እኩል ተቆርጧል። ታች የነበረው እዚያው ኦጎልቾ ቀርቷል።

እኔ ለካ ሳልገለብጠው በፊት ቅቤ ጥጄ ነበር። ቅርጫቱን እንዳቀፍኩ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ።

«ምን ይገትርሻል?» አሉ እማማ።

«ሥሩን አላየሁትም።»

«ሥሩን ልትበዪው ነው?»

«መርዝ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በሱ ነው!»

እማማ የብር አምባራቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «ድስቱ ውስጥ ክተቺው። መርዝ ከሆነ ይጠቁራል።»

«አምባር ምን ያውቃል፣ እማማ?»

«እንግዲያው ለዶሮዋ እንስጣት።»

«ዶሮዋ ብትተርፍስ? እኔ ዶሮ ነኝ?»

«ከዶሮ ምን ያህል ትበልጫለሽ? አጥንት ብቻ!»

የሚያናድደው፣ አምባሩንም ዶሮዋንም ማመን ፈልጌ ነበር። የሚገድለውም እኮ ይጣፍጣል ይባላል፤ ሰው በልቶት ደህና ያድራል፣ ሕመሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሐጂ አይዋሹም። ግን ከኩይሳው አጠገብ ሌላ በቅሎ ኖሮ፣ በቢላቸው አብረው ቆርጠውት ቢሆንስ? ሽታውን ደግሞ አትጠይቁኝ፣ የእናቴ ቀሚስ ነበር። ደጋግሜ አሸተትኩት። ከዚያ ጓሮ ወርጄ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት፤ ዶሮዋ እንዳትጭረው አፈር መለስኩበት።

ሐጂ አኮረፉ። ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ይመልሱ ጀመር። እኔ ኩርፊያ አልችልም። «ሐጂ፣ ወይ ይቆጡኝ ወይ ይውሰዱኝና ቦታውን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁና በሚቀጥለው ገበያ ጋቢና አስቀምጠው ይዘውኝ ወረዱ።

ኦጎልቾ ይሞቃል፣ እንደ አገሬ። ኩይሳው ላይ አዲስ ወጥቷል። ተንበርክኬ በእንጨት ቆፈርኩ፤ ሐጂ ጃንጥላቸውን ዘርግተውልኝ ቆሙ። ሥሩ ወረደ፣ ቀጠነ፣ ደግሞ ወረደ፤ ምስጦች እጄ ላይ ወጡ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንዲሁ አወጣሁ። ከኩይሳው ፈቀቅ ብሎ የበቀለ አንድ ነጭ ግን ነበር፣ ሲያዩት የነዚያ ወንድም ነው የሚመስለው። ስቆፍረው እግሩ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያው ተውኩት።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩትና ድምፃቸው ቀነሰ። «ያን ጊዜ ይሄንንም አምጥቼልሽ ነበር እንዴ?»

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ እስካሁን አላውቅም።

አሰላ ስንመለስ ፀሐይ ነበር። በቅቤና በሽንኩርት ሠራሁት። እማማ ሥራቸውን ጥለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሆድሽን አመመሽ?»

«ገና አልዋጥኩትም፣ እማማ!»

«ያ ረቢ፣ ለእናትሽ ምን ብዬ እልክባታለሁ!»

«ይቅመሱ እንጂ።»

«እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ጣዕሙ ልክ ያው ነበር፣ ምንም አልጎደለውም። እናቴ ቤት ግን እንጉዳይ እንዲህ ተረጋግተን በልተነው አናውቅም። እህቶቼ ከጣቴ ላይ ይነጥቁኛል፣ እኔ አንዱን ሳልውጥ ሌላውን እይዛለሁ፣ እናቴ በጭልፋው እጅ እጃችንን ትለናለች፣ የመጨረሻዋ ላይ የግድ አንዳችን ታለቅሳለች። እዚህ ሳህኑ በሙሉ የኔ ነው። እጄ ግን ይሄን አልሰማም፤ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ማን ይወስድብሻል?» አሉ እማማ።

አፌ እንደሞላ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት።